መመሪያን ወደ ሥራ መለወጥ፦ ግብ፣ ድርጊት፣ ቁሳቁስና የሰው ድርሻ በወረርሽኝ ምላሽ ዕቅድ

መግቢያ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕሙም መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ከተገኘ በኋላ ለኅብረተሰቡ የተላለፉት መልእክቶች አጭርና ግልጽ ነበሩ፦ እጅን በውኃና በሳሙና መታጠብ፣ አካላዊ ርቀትን መጠበቅ፣ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ መጨባበጥን መተው። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ ከ4 ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብ ተከለከለ፤ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎችም ከመጫን አቅማቸው በግማሽ እንዲጭኑ ተወሰነ። መልእክቱ በሬዲዮና በቴሌቪዥን፣ በስልክ ጥሪ ማሰሚያ ጭምር፣ ከከተማ እስከ ገጠር ተሰማ።

መልእክትን መስማትና መልእክቱ የሚጠይቀውን ሥራ መሥራት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «እጅን ይታጠቡ» የሚለው ትእዛዝ ውኃ ቀጂውን፣ ጀሪካኑን፣ ሳሙናውንና የሚታጠብበትን ሰዓት አይናገርም። «ሕሙሙን ለይታችሁ አቆዩ» የሚለው ትእዛዝ ቤቱ ባለ አንድ ክፍል ሲሆን ምን እንደሚደረግ አይገልጽም። መመሪያው በወረቀት ላይ ሙሉ ሆኖ ሳለ በቀበሌ ደረጃ ሲደርስ የሚጎድለው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ክፍተቱንም የሚሞላው በቦታው የተገኘው የጤና ሠራተኛ ወይም ቤተሰብ በራሱ ግምት ይሆናል።

ይህ ጽሑፍ ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ባለሙያዎች፣ ለጤና ጣቢያ ኃላፊዎችና ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። ዓላማውም ማንኛውንም የወረርሽኝ ምላሽ ሥራ በአራት ጥያቄዎች የመንደፍን ዘዴ ማስረዳት ነው፦ ሥራው ለምን ይሠራል? ምን ይደረጋል? በምን ይደረጋል? ማን ያደርገዋል? ለማብራሪያ የተወሰደው ምሳሌ በሰሜን ሸዋ ዞን በመዘዞ አካባቢ ያለን የደጋ ገጠር ቀበሌ ሁኔታ መነሻ ያደረገ ነው፤ ዘዴው ግን ለቆላውም ለከተማውም ያገለግላል።

አራቱ የሥራ መሠረቶች

ሥራን ከግቡ ተነሥቶ ወደ ዝርዝር የመከፋፈል ዘዴ በጤናው ዘርፍ የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝ አገር በሃል ዩኒቨርሲቲ ጆን አኔትና ኪት ደንከን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የፋብሪካ ሠራተኞችን እንዴት ማሠልጠን እንደሚገባ ሲያጠኑ ያዳበሩት ነው። ከዚያ በፊት ሥራ የሚጠናው የሠራተኛውን የእጅ እንቅስቃሴ በመመዝገብ ነበር። እነዚህ ተመራማሪዎች ግን ሠራተኛው የሚንቀሳቀሰው ሊደርስበት ላሰበው ግብ እንደሆነ፣ ግቡም በንዑስ ግቦች እንደሚከፈል፣ እያንዳንዱ ንዑስ ግብ መቼና በምን ሁኔታ እንደሚፈጸም የሚወስን ዕቅድ እንዳለው አሳዩ። ዘዴው በኋላ ወደ አቪዬሽን፣ ወደ ኃይል ማመንጫዎችና ወደ ሕክምና ተስፋፋ።

በዚህ ጽሑፍ የምንጠቀምባቸው አራት ቃላት የሚከተለው ትርጉም አላቸው።

ግብ፦ ሥራው ሲጠናቀቅ እውነት ሆኖ መገኘት ያለበት ሁኔታ ነው። «ቤቱን መጎብኘት» ግብ አይደለም፤ «ሕመሙ የጠናበት ሰው በዚያው ቀን መታወቁ» ግብ ነው።

ድርጊት፦ ግቡ ላይ ለመድረስ የሚፈጸም፣ ሲፈጸም በዓይን የሚታይ ወይም የሚጠየቅ እርምጃ ነው። «ግንዛቤ መፍጠር» ሲፈጸም አይታይም፤ «አስታማሚዋ የአደጋ ምልክቶቹን በራሷ አንደበት እንድትናገር ማድረግ» ግን ይታያል።

ቁሳቁስ፦ ድርጊቱ የሚፈጸምበት ወይም የሚፈጸምበት መሣሪያ የሆነ ነገር ሁሉ ነው። ስሙን ብቻ ሳይሆን ብዛቱን፣ ያለበትን ሁኔታና የሚቀመጥበትን ስፍራ ይጨምራል።

የሰው ድርሻ፦ ድርጊቱን የሚፈጽመው፣ የሚረዳው፣ የሚቆጣጠረውና የሚፈጸምለት ሰው በሥራው ውስጥ ያለው ቦታ ነው። ድርሻ ከሰው ስም ይለያል። አንድ ሰው ብዙ ድርሻ ሊኖረው፣ አንድ ድርሻም በተለያየ ቀን በተለያዩ ሰዎች ሊሸፈን ይችላል።

ከአራቱ አንዱ ሲጎድል ሥራው እንዴት እንደሚለወጥ ከታሪካችን ማየት ይቻላል። በ1911 ዓ.ም በኅዳር ወር ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገብቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ፤ ሕዝቡም «የኅዳር በሽታ» አለው። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻን ሰብስቦ የማቃጠሉ፣ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ ከዚያ ዘመን ጋር ይያያዛል። ልማዱ ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀው ድርጊቱ ቀላል፣ ቁሳቁሱ በእያንዳንዱ ደጅ የሚገኝ፣ ባለድርሻውም እያንዳንዱ ቤተሰብ፣ ቀኑም የታወቀ በመሆኑ ነው። በሌላ በኩል ኢንፍሉዌንዛ በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ስለሆነ ቆሻሻ ማቃጠል ስርጭቱን አይገታውም። ድርጊት፣ ቁሳቁስና ባለድርሻ በሚገባ ከተያያዙ ሥራው ይዘልቃል፤ ከግቡ ጋር ካልተያያዙ ግን የሚዘልቀው ሥራ የታሰበለትን ውጤት አያመጣም።

ግቡ ሲስተካከል ሥራው ይስተካከላል

እ.ኤ.አ. በ2014 በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን የኢቦላ ወረርሽኝ ሲስፋፋ ከዋነኞቹ የመተላለፊያ መንገዶች አንዱ የቀብር ሥነ ሥርዓት ነበር። በኢቦላ የሞተ ሰው አስከሬን ተላላፊ ስለሆነ፣ አስከሬን የሚያጥቡና የሚዳስሱ ዘመዶች ይያዙ ነበር። በመጀመሪያ የተሰማሩት የቀብር ቡድኖች ግባቸው አስከሬኑን ማንም ሳይነካው መቅበር ብቻ ነበር። መላ ሰውነታቸውን የሸፈኑ ሰዎች መጥተው አስከሬኑን በከረጢት ይወስዳሉ፤ ቤተሰቡ ሟቹን አይሰናበትም፤ አንዳንድ ጊዜም የት እንደተቀበረ አያውቅም። በዚህ ምክንያት ሞትን የሚደብቁና በሌሊት የሚቀብሩ ቤተሰቦች በዙ። ግቡ ጎዶሎ ስለነበር ድርጊቱ በትክክል እየተፈጸመም ስርጭቱ ቀጠለ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የዓለም ጤና ድርጅት ከክርስቲያንና ከሙስሊም የእምነት ተቋማት ጋር ተመካክሮ ባለ 12 ደረጃ የቀብር አፈጻጸም መመሪያ አወጣ። ግቡ «ደኅንነቱ የተጠበቀና ክብር ያለው ቀብር» ተባለ። «ክብር ያለው» የሚለው ቃል ሲጨመር አዳዲስ ድርጊቶችና ድርሻዎች ተከተሉ፦ ቡድኑ መከላከያ ልብስ ከመልበሱ በፊት ቤተሰቡን በሰላምታ ማነጋገር፣ ከቤተሰቡ አንድ ተወካይ እንዲመረጥ ማድረግ፣ የሃይማኖት አባት ጸሎት የሚያደርስበትን ርቀትና ሰዓት መወሰን፣ መቃብሩ ላይ ምልክት ማኖር።

ይህ ተሞክሮ ለእኛ አገር ቅርብ ነው። በአማራ ክልል ገጠር ሞት ሲደርስ ጥሩምባ ይነፋል፤ እድርተኛው ድንኳን ይተክላል፤ ሴቶች እህልና ውኃ ይዘው ይመጣሉ፤ ለቀስተኛው በሐዘን ቤቱ ለቀናት ይቀመጣል። በወረርሽኝ ጊዜ «ለቅሶ አትድረሱ» ብሎ መከልከል ሐዘንተኛውን ብቻውን ያስቀረዋል፤ ብዙ ጊዜም አይፈጸምም። ግቡ «ሐዘንተኛው ሳይተው፣ በሽታውም ሳይተላለፍ መቆየት» ከሆነ ግን ከእድሩ ዳኛ ጋር ሊሠራ የሚችል ሥራ ይገኛል፦ ድንኳኑ ጎንና ጎኑ ክፍት ሆኖ እንዲተከል፣ ለቀስተኛ በየመንደሩ ተከፋፍሎ በተለያየ ሰዓት እንዲመጣ፣ ማጽናኛው ቆሞና አጭር እንዲሆን፣ ከሩቅ የሚመጡ ዘመዶች ከሟቹ አስታማሚዎች ተለይተው እንዲቀመጡ ማድረግ ይቻላል። ጥሩምባ ነፊውም ሞቱን ሲያስታውቅ የየመንደሩን ሰዓት አብሮ ይናገራል። ይህ ሥራ ከእድሩ ሰዎች ጋር መታቀድ ያለበት ሞት ከመድረሱ በፊት ነው።

ምሳሌ፦ በቤቱ ሆኖ የሚታከም ሕሙም ክትትል

መዘዞ ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ ከሚወስደው ዋና መንገድ በጣርማ በር አካባቢ ተገንጥሎ ወደ መሐል ሜዳ በሚሄደው መስመር ላይ ይገኛል። አካባቢው ደጋ ነው፤ ብርዱ ይጠናል፣ በጣርማ በር በኩል ጉም በተደጋጋሚ መንገዱን ይሸፍናል፣ ከመንገዱ ርቀው ያሉ መንደሮች በእግር ብቻ ይደረሳሉ። የኮቪድ-19 ወረርሽኝ እየሰፋ ሲሄድ ቀላል ምልክት ያለባቸው ሕሙማን በቤታቸው ተለይተው እንዲታከሙ የሚያስችል አሠራር በአገር አቀፍ ደረጃ ተዘርግቶ ነበር። ይህ አሠራር በእንዲህ ያለ ቀበሌ ቢታቀድ የሥራው ንድፍ የሚከተለውን ይመስላል።

ዋና ግብ፦ ሕሙሙ በቤቱ እንዳለ በቂ እንክብካቤ ማግኘቱ፣ በሽታው ወደ ሌላው የቤተሰብ አባል አለመተላለፉ፣ ሕመሙ ከጠና ሳይዘገይ ወደ ሕክምና መድረሱ።

ንዑስ ግብ 1፦ ሕሙሙ ያለበት ስፍራ ከሌሎች መለየቱ

ድርጊት፦ የሕሙሙን መኝታ ከሌሎች መኝታ ማራቅ፣ ቤቱ ባለ አንድ ክፍል ከሆነ በመጋረጃ መከለልና ሕሙሙን ወደ በሩ ወይም ወደ መስኮቱ ማቅረብ፤ አረጋውያንንና ነባር ሕመም ያለባቸውን ወደ ዘመድ ወይም ወደ ጎረቤት ቤት ማሸጋገር።
ቁሳቁስ፦ ለሕሙሙ ብቻ የሚሆን ምኝታ፣ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ፣ ሳህን፣ ኩባያና የእጅ ማስታጠቢያ።
ድርሻ፦ የሚወስነው የቤቱ አባወራ ወይም እማወራ፣ የሚመክረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ የሚያሸጋግረው ቤተሰቡ፤ ተቀባዩ ቤት አስቀድሞ ይጠየቃል።

ንዑስ ግብ 2፦ በቤቱ ውስጥ ያለው አየር መለዋወጡ

ድርጊት፦ በርና መስኮትን ፀሐይ በሚሞቅበት ሰዓት በየመካከሉ መክፈት፤ ሕሙሙ መውጣት ከቻለ በደጅ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ፤ ጠያቂን በደጅ ማነጋገር።
ቁሳቁስ፦ ሙቀት የሚሰጥ ልብስ፤ በር በሚከፈትበት ጊዜ ሕሙሙ የሚደርበው ጋቢ።
ድርሻ፦ አስታማሚዋ ትከፍታለች፤ ባለሙያዋ በጉብኝቷ ቀን በሩ ክፍት መሆኑን ታያለች።

በዚህ ንዑስ ግብ ላይ ሁለት ነገሮች ይጋጫሉ። «በርና መስኮት ክፈቱ» የሚለው ምክር ብርድ ለሚበረታበት ደጋ እንደተጻፈ ከተነገረ አይፈጸምም፤ በማታና በንጋት በር የሚዘጋው ሕፃናትንና ሕሙማንን ከብርድ ለመጠበቅ ነው። ባለሙያዋ ድርጊቱን ሳይሆን ግቡን ይዛ ስትመጣ ግን የሚከፈትበትን ሰዓትና የሚደረበውን ልብስ ከቤተሰቡ ጋር ትመርጣለች። በተጨማሪም ብርዱን ለመከላከል በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል ማንደድ በካርቦን ሞኖክሳይድ መታፈንን እንደሚያስከትል መንገር የዚህ ንዑስ ግብ አካል ነው።

ንዑስ ግብ 3፦ አስታማሚዋ ሳትያዝ ማስታመሟ

ድርጊት፦ አንድ ቋሚ አስታማሚ መመደብ፤ ወደ ሕሙሙ ስትቀርብ ሁለቱም አፍና አፍንጫቸውን መሸፈን፤ ከእያንዳንዱ ንክኪ በኋላ እጅን በውኃና በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ መታጠብ፤ የተነካኩ ነገሮችን ማጽዳት።
ቁሳቁስ፦ ጭምብል፣ ሳሙና፣ በቀን ለቤቱ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ውኃ፣ በረኪና።
ድርሻ፦ አስታማሚ አንድ፤ ውኃ የሚቀዳ ሌላ ሰው፤ አስታማሚዋ ራሷ ብትታመም የሚተካት ሰው በመጀመሪያው ቀን ይመረጣል።

ንዑስ ግብ 4፦ የአደጋ ምልክት በታየበት ሰዓት ሕሙሙ መንቀሳቀሱ

ድርጊት፦ ምልክቶቹን በየዕለቱ ጠዋትና ማታ መመልከት፤ ለመተንፈስ መቸገር፣ የማያቋርጥ የደረት ሕመም ወይም ግፊት፣ ግራ መጋባት፣ ከእንቅልፍ ለመንቃት መቸገር፣ የከንፈር መጥቆር ከታየ ወዲያውኑ ደውሎ ሕሙሙን ወደ መንገድ ማውጣት።
ቁሳቁስ፦ ካርድ ያለው ስልክ፣ የእድሩ ቃሬዛ፣ በወረቀት የተጻፈ የጤና ጣቢያውና የአምቡላንሱ ስልክ ቁጥር።
ድርሻ፦ ምልክቱን የምታየው አስታማሚዋ፣ የሚደውለው በስም የታወቀ ሰው፣ ቃሬዛ የሚሸከሙት አስቀድመው የተነገራቸው የመንደሩ ወጣቶች፣ አምቡላንሱን የሚልከው የወረዳው ተረኛ።

እነዚህ ንዑስ ግቦች የሚፈጸሙበት ሥርዓት የተለያየ ነው። የመጀመሪያው በአንድ ቀን ይጠናቀቃል። ሁለተኛውና ሦስተኛው በየዕለቱ ይደጋገማሉ። አራተኛው ክትትሉ በየዕለቱ ቢሆንም ምልክት ከታየ ሌላው ሁሉ ተቋርጦ ይፈጸማል። ጉም መንገዱን ሊይዘው በሚችልበት ስፍራ ደግሞ ምልክት እስኪከፋ መጠበቅ አይገባም፤ የመንገዱ ርዝመት በመወሰኛው ሰዓት ውስጥ መቆጠር አለበት። ይህ ውሳኔ ለአስታማሚዋ በግልጽ ቋንቋ ይነገራታል፦ «እማማ፣ ትንፋሹ ከከበደው እስኪነጋ አይጠብቁ፤ ያን ጊዜውኑ ይደውሉ»።

ቁሳቁስን በስሙ ብቻ አለመጻፍ

በዕቅድ ሰነዶች ውስጥ ቁሳቁስ ብዙ ጊዜ በግዥ ዝርዝር መልክ ይጻፋል፦ በረኪና 20 ሊትር፣ ጭምብል 500፣ የሙቀት መለኪያ 2። ይህ ለንብረት ክፍል በቂ ነው፤ ለሥራው ግን በቂ አይደለም። ስለ እያንዳንዱ ቁሳቁስ ሦስት ነገሮች መታወቅ አለባቸው፦ ሥራ ላይ ሲውል በምን ሁኔታ መሆን እንዳለበት፣ ከሌለ ምን እንደሚተካው፣ መቼ እንደማያገለግል።

በረኪና ጥሩ ምሳሌ ነው። 5 በመቶ ጥንካሬ ካለው በረኪና 1 እጅ ከ9 እጅ ውኃ ጋር ሲቀላቀል 0.5 በመቶ ውሕድ ይገኛል፤ ይህም ደምና የሰውነት ፈሳሽ ለነካው ነገር ማጽጃ ነው። 1 እጅ ከ49 እጅ ውኃ ጋር ሲቀላቀል 0.1 በመቶ ይሆናል፤ ይህም ለበር እጀታ፣ ለጠረጴዛና ለመሳሰለው ያገለግላል። ሁለቱ ውሕዶች በተመሳሳይ ጀሪካን ቢቀመጡ በዓይን አይለዩም፤ ስለዚህ የውሕዱ መጠንና የተዘጋጀበት ቀን በጀሪካኑ ላይ ካልተጻፈ ቁሳቁሱ እንዳልተሟላ ይቆጠራል። ውሕዱ በየዕለቱ አዲስ ይዘጋጃል፤ ቆሻሻ ያለበት ገጽ አስቀድሞ በሳሙና ካልታጠበ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ከአሲድ ወይም ከአሞንያ ጋር ከተቀላቀለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ደግሞ የሚገኝበትን አካባቢ ማወቅ ይጠይቃል። የቀዘቀዘ ጣት፣ ሂና ወይም ቀለም የተቀባ ጥፍር ንባቡን ያሳስታል። በከፍታ ቦታ ላይ ጤነኛ ሰውም ከቆላው ዝቅ ያለ ንባብ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ በደጋ ቀበሌ የሚሰጠው ትእዛዝ «መለኪያውን ጣት ላይ አድርጉ» ብቻ ሊሆን አይገባም። «እጁን በጋቢ አሙቁ፤ ንባቡ እስኪረጋ ጠብቁ፤ ጤና ጣቢያው ለአካባቢው ከወሰነው ቁጥር በታች ከሆነ ደውሉ፤ ንባቡ ደኅና ቢሆንም ትንፋሹ ከከበደው ደውሉ» መባል አለበት።

መተኪያ ቁሳቁስ ሲመረጥ ዳኛው ግቡ ነው። የቧንቧ ውኃ በሌለበት ሥር የተበሳ ጀሪካን በገመድ ተሰቅሎ በእግር ቢረገጥ ወራጅ ውኃ ይሰጣል፤ ግቡን ስለሚያሟላ መተኪያ ነው። ብዙ ሰው በየተራ እጁን የሚያስገባበት ሳፋ ግን ውኃና ሳሙና ቢኖረውም የአንዱን እጅ እድፍ ወደ ሌላው ስለሚያሸጋግር መተኪያ አይሆንም።

የሰው ድርሻ፦ «ሁሉም» የተባለ ሥራ

ከአራቱ መሠረቶች በዕቅድ ውስጥ በብዛት የሚዘለለው የሰው ድርሻ ነው። «ኅብረተሰቡ ይከታተላል»፣ «የሚመለከታቸው አካላት ያሳውቃሉ» ተብሎ የተጻፈ ሥራ ባለቤት የለውም። ባለቤት የተሰጠው ሥራም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለአንዲት ሰው ነው፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም ሲጀመር የታሰበው በእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ባለሙያዎች ተመድበው በጤና ኬላና ቤት ለቤት እንዲሠሩ ነበር። አንድ የገጠር ቀበሌ በአማካይ 5,000 ያህል ሕዝብ ይኖረዋል። በፕሮግራሙ ከ30,000 በላይ ባለሙያዎች ሠልጥነው ተሰማርተዋል። እነዚህ ሴቶች ክትባት ይሰጣሉ፣ ነፍሰ ጡሮችን ይከታተላሉ፣ የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት ይሰጣሉ፣ የተመጣጠነ ምግብ እጥረት ያለባቸውን ሕፃናት ይለያሉ፣ ስለ መጸዳጃ ቤት ያስተምራሉ። ወረርሽኝ ሲመጣ ንክኪ ያላቸውን ሰዎች መለየት፣ በየዕለቱ መጎብኘት፣ ሪፖርት ማድረግና ማስተማር ይጨመርባቸዋል።

የሥራ ንድፍ ሲዘጋጅ ይህ ጭነት በግልጽ ይታያል። ከላይ በቀረበው ምሳሌ ብቻ አንድ ሕሙም ያለበት ቤት በየዕለቱ ሊጎበኝ ቢታሰብና መንደሮቹ በእግር የአንድ ሰዓት ርቀት ቢኖራቸው፣ ደርሶ መልሱና ጉብኝቱ ሲደመር ወደ ግማሽ ቀን የሚጠጋ ጊዜ ይወስዳል። ሁለት እንዲህ ያሉ ቤቶች አንዲትን ባለሙያ አብዛኛውን ቀን ይይዟታል። በዚያ ቀን ያልተከተበ ሕፃን፣ ያልታየች ነፍሰ ጡር አለች። ኩፍኝ የክትባት ክፍተት በተፈጠረበት ቦታ ተመልሶ የሚመጣ በሽታ በመሆኑ፣ አንዱን ወረርሽኝ ስንከላከል ለሌላው በር እንዳንከፍት ድርሻን ማከፋፈል የግድ ነው።

ለዚህ የሚረዳው ጥያቄ «ይህ ድርጊት የባለሙያ ሙያ ይጠይቃል ወይ?» የሚል ነው። የአደጋ ምልክትን መገምገምና የሕክምና ውሳኔ መስጠት ይጠይቃል። ውኃ መቅዳት፣ ምግብ በደጅ ማድረስ፣ «ዛሬ ሕሙሙ እንዴት ዋለ?» ብሎ ከደጅ መጠየቅና በስልክ ማሳወቅ አይጠይቅም። እነዚህ ለሴቶች ልማት ሠራዊት አባላት፣ ለእድር፣ ለጎረቤት ሊሰጡ ይችላሉ። ሲሰጡ ግን ድርሻው የሚፈጸምበት ቁሳቁስና ሥልጠና አብሮ መሰጠት አለበት፤ ጭምብል ያልተሰጣትን ጎረቤት ወደ ሕሙም ቤት መላክ አደጋውን ከባለሙያዋ ወደ እርሷ ማዛወር ነው።

ተቆጣጣሪነትም ድርሻ ነው። በኢቦላ ሕክምና ማዕከላት የጤና ሠራተኞች በብዛት ይጋለጡበት ከነበረው ጊዜ አንዱ የተበከለውን መከላከያ ልብስ የሚያወልቁበት ነበር። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ሌላ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ቅደም ተከተሉን እየነገረ እንዲከታተል ማድረግ ነው። የሚከታተለው ሰው የበለጠ ሙያ ያለው ላይሆን ይችላል፤ ድርሻው ግን ሌላ ነው። በጤና ኬላ ሁለቱ ባለሙያዎች ይህን ድርሻ ለእርስ በርሳቸው መስጠት ይችላሉ።

ዝርዝሩ እስከ የት ይሂድ?

ሥራን ሳያቋርጡ መከፋፈል ማንም የማያነበው ወፍራም ሰነድ ያስከትላል። አኔትና ደንከን ለዚህ የሰጡት መመዘኛ ዛሬም ያገለግላል፦ ስህተት የመፈጠሩ ዕድልና ስህተቱ የሚያስከትለው ጉዳት አንድ ላይ ታይተው ከባድ ከሆኑ ድርጊቱ ይዘርዘር፤ ቀላል ከሆኑ በአንድ ቃል ይተው። ቤት መጥረግ ዝርዝር አያስፈልገውም። ጓንት ማውለቅ፣ በረኪና መበጥበጥ፣ አምቡላንስ መጥራት ግን እያንዳንዱ እርምጃ መጻፍ አለበት።

የንድፍ አዘገጃጀት ቅደም ተከተል

1. ግቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ዓረፍተ ነገሩ ሥራው ሲያልቅ ምን እውነት እንደሚሆን መናገር አለበት። ሥራው የሚነካቸው ሰዎች የሚፈልጉት ነገርም በግቡ ውስጥ መኖሩን ያረጋግጡ።

2. ግቡን ከሦስት እስከ አምስት ወደሚሆኑ ንዑስ ግቦች ይክፈሉ፤ የትኛው አንድ ጊዜ፣ የትኛው በየዕለቱ፣ የትኛው ምልክት ሲታይ እንደሚፈጸም ይለዩ።

3. ለእያንዳንዱ ንዑስ ግብ ድርጊቱን በሚታይ ግሥ ይጻፉ፦ ይከፍታል፣ ይደውላል፣ ይጽፋል፣ ይቆጥራል።

4. ከእያንዳንዱ ድርጊት ጎን ቁሳቁሱን፣ ሁኔታውንና መተኪያውን ያስቀምጡ።

5. ከእያንዳንዱ ድርጊት ጎን ድርሻውን ያስቀምጡ፤ ተተኪውንም ይሰይሙ። የአንድ ሰው ድርሻዎች ሲደመሩ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚወስዱ ይቁጠሩ።

6. ንድፉን ይዘው ሥራው በሚሠራበት ቤት፣ ገበያ ወይም ጤና ኬላ ይሂዱ፤ ድርሻ የተሰጣቸው ሰዎች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲያሳዩ ይጠይቁ። የቆሙበት ቦታ ሁሉ ንድፉ የጎደለበት ነው።

7. ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመልከቱት። ያልተፈጸመ ድርጊት ካለ ሰውን ከመውቀስ በፊት ግቡ ግልጽ እንደነበር፣ ቁሳቁሱ እንደነበር፣ ድርሻው ከአቅም በላይ እንዳልነበር ይመርምሩ።

ማጠቃለያ

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ የጤና ስጋት መሆኑ እንዳበቃ ያስታወቀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም ነበር። የሚቀጥለው ወረርሽኝ በምን ተሕዋስ እንደሚመጣ አስቀድሞ አይታወቅም፤ የመተላለፊያ መንገዱም ከኮቪድ-19 ሊለይ ይችላል። በዚያን ጊዜ የቀድሞው ድርጊት ሁሉ ላይሠራ ይችላል። የቀድሞውን ድርጊት ለምን ይሠራው እንደነበር የሚያውቅ ቀበሌ ግን አዲሱን ለመንደፍ መነሻ አለው፤ የእድሩን ቃሬዛ የት እንደሚገኝ፣ ማን እንደሚሸከመው፣ ከየትኛው መንደር ስልክ እንደሚሠራ አስቀድሞ ተነጋግሯል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ወረዳ ወረርሽኝ በሌለበት ጊዜ ቢያንስ ሦስት ሥራዎችን፣ ማለትም የቤት ለቤት ክትትልን፣ የሐዘንና የቀብር ሥነ ሥርዓትን እንዲሁም የገበያ ቀን ጥንቃቄን በአራቱ ጥያቄዎች ነድፎ፣ በአንድ ቀበሌ ሞክሮ፣ በጤና ኬላው ግድግዳ ላይ በአንድ ገጽ እንዲለጥፍ ይመከራል። በገጹ ላይ ግቡ ከላይ፣ በጉልህ ይጻፍ፤ ቁሳቁሱ ባለቀበት ቀን ባለሙያዋ መጀመሪያ የምታነበው እርሱን ነውና።